የሕክምና ካርድ አይዋሱትም

(በፊልቱ፣ በሰፈራችን ማኅበር ወርኃዊ ስብሰባ ላይ በጸሐፊው የተነበበ ንግግር። በስብሰባው ላይ ወደ ሶማሊኛ እየተተረጎመ ተሰምቷል። ላልተገኙ አባላት ሲባል እነሆ ተለጥፏል።)





እንደሚታወቀው ማኅበራችን የሚሰበሰበው ለቀብር፣ ለሠርግና ለውሃ ጉዳይ ነው። የዛሬው ግን ሌላ ነው። ስለ ሕክምና ካርድ እንነጋገራለን። አንዳንዶቻችሁ «ካርድ ደግሞ ምን ንግግር ያስፈልገዋል?» ትሉ ይሆናል። እኛም እንደዚያው ስንል ነበር። አሁን ግን ጥፋታችንን ይዘን ነው የቆምነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቀደም ሲል በዚሁ ሰሌዳ ላይ «ካርድ የሌለው እንግዳ ቢታመም ከጎረቤት ካርድ ተውሶ ይታከም» ብለን ለጥፈን ነበር። ያልነው ለደግ ነው። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይባል የለም? ሙቀጫ የሚዋዋስ፣ ጀሪካን የሚዋዋስ ሰፈር ካርድ ቢዋዋስ ምን ይጎዳል አልን።

ታዲያ አንዲት እህታችን ቃላችንን ሰምታ ከገጠር ለመጣች የባሏ እህት ካርዷን ሰጠች። እንግዳዋ በአንድ ጤና ተቋም ተመረመረች፤ የስኳር በሽታ ተገኘባት፤ ኪኒን ጀመረች። ይህ ሁሉ የተጻፈው በእህታችን ስምና ካርድ ላይ ነው። እንግዳዋም ኪኒኗን ይዛ ወደ አገሯ ሄደች።

ከወራት በኋላ እህታችን ራሷን አሟት ሄደች። ባለሙያው ማኅደሯን ገልጦ «የስኳር ኪኒንሽን ትወስጃለሽ?» ሲላት ደነገጠች። ካርድ አዋስኩ ማለት አፈረች። «አልቆብኛል» አለች። ታዘዘላት። ሐኪም ያዘዘው አይጎዳም ብላ በማግስቱ ጠዋት ቁርስ ሳትቀምስ ዋጠችው።

ምን አለፋችሁ፣ ረፋድ ላይ ላብ አጠመቃት፤ ተንቀጠቀጠች፤ የምትናገረው ጠፋት፤ ወደቀች። ጎረቤት ተሰበሰበ፤ ጂኒ ነው ያለም ነበር። ተሸክመን አደረስናት። ከጣቷ ደም ወስደው ሲያዩ ስኳሯ ወርዶ አልቋል። ለካስ የስኳር ኪኒን ስኳር የሌለበትን ሰው እንዲህ ይጥላል። በደም ሥሯ ግሉኮስ ሲሰጧት ዓይኗን ገለጠች። የመጀመሪያ ቃሏም «ካርዱ የኔ ብቻ አይደለም» የሚል ነበር።

እህታችን ዛሬ ደኅና ናት፤ እዚህም ተቀምጣለች። ስሟ እንዳይነሳ ጠይቃናለች፤ ታሪኩ ግን ለሰው ይነገር ብላለች። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል። እሷ የደበቀችው የራሷን በሽታ አይደለም፤ የኛን ስሕተት ነው። ስለሆነም በማኅበሩ ስም ይቅርታ እንጠይቃታለን። ያንን ማስታወቂያም ቀደን ጥለነዋል።

እንግዲህ ካርድ ምን እንደሆነ እንነጋገር። ካርድ የበር መግቢያ ቲኬት አይደለም። ካርድ ክፍል ስንመዘገብ አንድ ቁጥር ይሰጠናል። በዚያ ቁጥር አንድ ማኅደር ይከፈታል፤ በሽታችን፣ የምርመራ ውጤታችን፣ የወሰድነው መድኃኒት፣ አልስማማ ያለን መርፌ ሁሉ እዚያ ይጻፋል። በእጃችን የምትሰጠን ትንሿ ካርድ ማኅደሩን የምታስገኝ ናት። የጠፋ ግመል በምልክቱ እንደሚታወቅ ሁሉ የኛም ማኅደር የሚታወቀው በቁጥሩ ነው። በአንድ ግመል ላይ የሁለት ሰው ምልክት ቢደረግ ጠብ ነው፤ በአንድ ካርድ ላይ ሁለት ሰው ቢታከም ደግሞ ሞት ሊሆን ይችላል።

ካርድ ማዋስ ብቻ አይደለም ችግሩ። ትንሿን ካርድ እየጣሉ በሄዱ ቁጥር አዲስ ማውጣትም ያው ነው። ለምሳሌ የሳንባ ነቀርሳ ሕክምና በተለመደው 6 ወር ይወስዳል። ጀምሮ ያቋረጠ ሰው በአዲስ ካርድ ቢመጣና ዝም ቢል፣ ሐኪሙ እንደ አዲስ በሽተኛ ያየዋል። መድኃኒት የለመደ ነቀርሳ መሆኑ ሳይጠረጠር ይቀራል። ቤተሰቡንም ያስይዛል።

ትንሿ ካርድ ከጠፋች አዲስ አውጡልኝ አትበሉ። «ካርዴ ጠፍቶብኛል፤ በስሜ ፈልጉልኝ» በሉ። በስም ማውጫ ይፈለጋል። እዚህ ላይ ግን የኛ አገር ነገር አለ። ስማችን ብዙ ዓይነት ይጻፋል። አንዱ መሐመድ፣ አንዱ ማሐመድ፣ ሌላው ሙሀመድ ብሎ ይጽፈዋል። ሶማሊኛ በላቲን ፊደል ሲጻፍ ደግሞ «ዐ» የሚለው ድምፅ በ«ሲ» ፊደል፣ «ሐ» የሚለው በ«ኤክስ» ፊደል ነው የሚጻፈው። ቋንቋውን የማያውቅ ጸሐፊ «ዓሊ» የሚለውን «ካሊ» ብሎ ያነበዋል። አንድ ዓሊ ሦስት ሰው ሆኖ በሦስት መሳቢያ ይቀመጣል። ስለዚህ ሁልጊዜ የራስን፣ የአባትንና የአያትን ስም እንንገር፤ መታወቂያ ያለው መታወቂያውን ያሳይ፤ ስሙም እዚያ እንደተጻፈው ይጻፍለት። የቤት መጠሪያ፣ የቅጽል ስም ይቅር።

ዕድሜም እንደዚሁ ነው። ዛሬ 40፣ ነገ 50 አንበል። የተወለደበትን ዓመት የማያውቅ ሽማግሌ ካለ፣ ከ1977ቱ ድርቅ በፊት ነው በኋላ እያልን አብረን እንቁጠርለት። አንዴ ያስመዘገበውን ደግሞ አይለዋውጥ። የሕፃን መድኃኒት በተለይ በዕድሜና በክብደት ነው የሚለካው።

ሕፃን ሁሉ የራሱ ካርድ ይውጣለት፤ በእናቱ ካርድ አይታከም። የክትባት ወረቀቱም ለብቻ በላስቲክ ተጠቅልሎ ይቀመጥ። ክትባቱ እንደተወለደ፣ በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንት፣ ከዚያም በ9 ወርና በ15 ወር ነው። ወረቀቱ ከጠፋ የትኛውን እንደወሰደ ማን ያውቃል?

እርጉዝ የሆናችሁ እህቶቻችን ምጥ እስኪመጣ አትጠብቁ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2009 ዓ.ም. ባወጣው ምክር እርጉዝ ሴት ቢያንስ 8 ጊዜ ትታይ ብሏል። የደም ግፊቷ ሲወጣ ሲወርድ የሚታወቀው ካርዱ ላይ ተደርድሮ ሲታይ ነው። ለእርግዝና ክትትል፣ በጤና ጣቢያ ለመውለድ፣ ለክትባትና ለነቀርሳ ሕክምና በመንግሥት ጤና ተቋም ገንዘብ አይጠየቅም። ስለዚህ «ገንዘብ የለኝም» ብሎ ቤት መቅረት አያስፈልግም።

ከገጠር የሚመጣ ዘመድ ጉዳይስ? እሱም እንደ ማንኛችንም በራሱ ስም ይመዘግባል። አድራሻው ሩቅ ቢሆን ያረፈበትን ቤትና የዘመድ ስልክ ይናገር። ድንገተኛ ሕመም ከሆነ በሽተኛው ወደ ውስጥ ይግባ፤ ካርዱን አስታማሚው ያወጣለታል። ወደ ነገሌ ወይም ወደ ሌላ ሆስፒታል በሪፈር የሚላክ ደግሞ የሪፈር ወረቀቱን ሲመለስ አምጥቶ ከማኅደሩ ጋር ያስይዘው፤ ኪስ ውስጥ አያርጅበት።

በመጨረሻም ማኅበሩ የሚከተሉትን ወስኗል።

1ኛ/ ካርድ ማዋስም ሆነ መዋስ ከዛሬ ጀምሮ ቀርቷል። ቀድሞ ያዋሰ ሰው ካለ ለሐኪሙ ደፍሮ ይናገር። የሚያፍር ከሆነ ከኛ አንዱ አብሮት ይሄዳል።

2ኛ/ የካርድ መክፈያ ያጣ ሰው፣ እንግዳም ቢሆን፣ ከማኅበሩ ሣጥን ይሰጠዋል። ሌሊትም ቢሆን የጸሐፊው በር ይንኳኳ።

3ኛ/ እያንዳንዱ ቤተሰብ ጤነኛ ሳለ ሄዶ ይመዝገብ፤ የየሰዉን የካርድ ቁጥር በአንድ ወረቀት ጽፎ ቤት ውስጥ ያስቀምጥ። መጻፍ ለማይችሉ እናቶችና አባቶች የተማሩ ልጆቻችን ይጽፉላቸዋል። ቁጥሩ የቤቱ ምሥጢር ነው፤ በዚህ ሰሌዳ ላይ አይለጠፍም።

ሙቀጫ እንዋዋስ፣ ጀሪካን እንዋዋስ፤ እሱ አይቅር። የሕክምና ካርድ ግን አይዋሱትም። ለእንግዳ ደግ መሆን ካርዳችንን መስጠት ሳይሆን፣ አብሮት ተሰልፎ የራሱን ማስወጣት መሆኑን ካሁን ወዲያ እንወቀው።

ጤና ለሁላችን ይሁን።

የማኅበሩ ጸሐፊ