ሽንኩርት አሮብኝ እልል ያልኩ ዕለት

(በማኅበራችን ዓመታዊ ስብሰባ ላይ አንዲት አባላችን ያደረገችው ንግግር)



ሰብሳቢያችን «ስለ ሙያሽ ትንሽ ተናገሪ» ስትለኝ፣ «እኔ ምን እናገራለሁ? የማውቀው መጋገርና መወጥወጥ ነው» አልኳት። «እሱኑ ተናገሪያ!» አለችኝ። ስለዚህ ዛሬ የምነግራችሁ ስለ ማድቤት ነው። ቁም ነገር ከተገኘበት ጥሩ፤ ካልተገኘበትም ከንግግሩ በኋላ ዳቦ አለላችሁ፤ እሱን በደንብ ጋግሬዋለሁ።

ብዙዎቻችሁ ታውቁኛላችሁ። ባለቤቴ ካረፈ በኋላ ሦስት ልጆቼን ያሳደግኩት እንጀራ ጋግሬ በመሸጥ፣ በዓል ሲደርስ ደግሞ ለሚያዙኝ ቤቶች ቅቤ በማንጠርና ዶሮ ወጥ በመሥራት ነው። ሙያውን ያስተማረችኝ እናቴ ናት። እናቴ ሚዛን አታውቅም፣ ማንኪያም አትቆጥርም። «መቼ ነው በርበሬው የሚበስለው?» ስላት «ሽታው ይነግርሻል» ነበር መልሷ። «ቅቤው መቼ ይውጣ?» ስላትም «ሽታው ይነግርሻል»። እኔም በዚያው ኖርኩ።

ደግሞ አስቡት፤ ጾም ላይ ያለች ወጥ ሠሪ በምን ትቀምሳለች? በአፍንጫዋ ነው። ለፋሲካ ዶሮ የምንሠራው ቅዳሜ፣ ጾሙ ሳይፈታ ነው። አንዲት ጠብታ ወደ አፋችን አትገባም። ሙስሊም እህቶቻችንም በረመዳን የማፍጠሪያውን ሾርባ ሲሠሩ እንደዚሁ ናቸው። ጨው በዛ አነሰ የሚሉት በልማድ፣ በሰለ አልበሰለ የሚሉት በሽታ ነው። ስለዚህ የእኔ ዋና ዕቃ ምጣዱ አልነበረም፤ አፍንጫዬ ነበር። ይህንን ያወቅኩት ግን ሲጠፋብኝ ነው።

በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ኮሮና አገራችን ገባ በተባለ ጊዜ ሁላችንም ፈራን። እኔ አንድ ዓመት ሙሉ ተጠንቅቄ አለፍኩ። በ2013 ዓ.ም. ዐቢይ ጾም ላይ ግን ያዘኝ። ትኩሳትና ድካም ነበረኝ፤ ተመርምሬ ኮሮና ነው ተባልኩና በጓዳዋ ክፍል ለብቻዬ ተኛሁ። ትልቋ ልጄ ምግቤን በር ላይ አስቀምጣ ትመለስ ነበር። በአምስተኛው ቀን ሽሮ አመጣችልኝ። ጎረስኩት። ሞቅ ያለ ጭቃ የበላሁ ያህል ነው የተሰማኝ።

«ምን ጨምረሽበት ነው?» አልኳት በበሩ በኩል።

«እማዬ ሙች፣ እንዳንቺው ነው የሠራሁት» አለችኝ።

ነጭ ሽንኩርት አምጪልኝ አልኳት፤ ጨፍልቄ አሸተትኩት፤ ምንም። ጤና አዳም አሸተትኩ፤ ምንም። የበርበሬውን ዕቃ ከፍቼ ፊቴን ሰደድኩበት። አስነጠሰኝ፤ አፍንጫዬም ተቃጠለ፤ ሽታ ግን የለም። ኋላ በጤና ጣቢያ እንዳስረዱኝ፣ ምላስ ለብቻዋ የምታውቀው ጥቂት ነገር ነው፦ ጨውን፣ ጣፋጩን፣ ኮምጣጣውን፣ መራራውን፣ እንደ ሥጋ መረቅ ያለውን ጣዕም። የበርበሬ ማቃጠልም ሕመም እንጂ ጣዕም አይደለም፤ በሌላ ጅማት ነው የሚሄደው። ወጥን ወጥ የሚያሰኘው የቀረው ሁሉ የአፍንጫ ሥራ ነው።

እውነቱን ልንገራችሁ፤ መጀመሪያ ያሰብኩት ስለ ሽታ አልነበረም። በዚያው ሰሞን ከማኅበራችን አንዲት እህታችንን አጣን። እናንተ የምታውቋት፣ ድፎ ዳቦ በኮባ ቅጠል ጠቅልሎ መጋገርን ለብዙዎቻችን ያስተማረችን ናት። እኔም እሷም የታመምነው በአንድ ሳምንት ነበር። እኔ ተነሣሁ፤ እሷ አልተነሣችም። ስለዚህ «ተርፌያለሁ፤ አፍንጫ ምን ያደርግልኛል» ብዬ ምስጋናዬን አድርሼ ወደ ሥራዬ ተመለስኩ።

ሥራው ግን እምቢ አለ።

መጀመሪያ የከሰርኩት በቅቤ ነው። ቅቤ ስገዛ ለጋውን ከበሳሉ፣ ንጹሑን ከተቀላቀለበት የምለየው በሽታ ነበር። ለፋሲካ ትእዛዝ 2 ኪሎ ቅቤ ገዛሁ፤ በኮረሪማ፣ በኮሰረት፣ በበሶብላ፣ በአብሽ አነጠርኩት፤ ቀለሙ ወርቅ መሰለ። ያዘዘችኝ ሴት በማግስቱ ይዛው መጣች። አልጮኸችብኝም። «እትዬ፣ ይሄ ቅቤ የከረመ ነው፤ አይበላም» አለችኝና ክዳኑን ከፍታ አቀረበችልኝ። አሸተትኩ። ለእኔ ውሃና ቅቤ አንድ ነበሩ። ገንዘቧን መለስኩላት።

ሁለተኛው ከኪሳራም የከፋ ነው። የምጣድ ማሰሻው ጨርቅ ከእሳቱ አጠገብ ወድቆ ሲጨስ፣ እኔ ጀርባዬን ሰጥቼ ሽንኩርት እከትፋለሁ። ትንሹ ልጄ «እማዬ፣ እሳት!» ብሎ ባይጮህ ኖሮ ዛሬ የማወራችሁ ሌላ ታሪክ ነበር። ያን ቀን ማታ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። የእንጀራዬ በር ተዘጋ ብዬ ነው።

በማግስቱ ጎረቤቴ፣ እዚህም መሐላችን የተቀመጡት ትልቅ ሴት፣ ሊጠይቁኝ መጡ። ስማቸውን እንዳልጠራ ስለነገሩኝ አልጠራም። ረመዳን ገብቶ እሳቸውም ጾም ላይ ነበሩ። ነገርኳቸው። ትንሽ ዝም አሉና «እንግዲህ ጆሮ አለሽ፣ ዓይን አለሽ፤ አፍንጫውን እኔ አውስሻለሁ» አሉኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቅቤ ልገዛ ስሄድ አብረውኝ ይሄዱ ነበር። ነጋዴው ፊት ቆመው በጣታቸው ቆንጠር አድርገው ያሸቱና ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ማኅበሩም ከቁጠባው ሣጥን አበደረኝ፤ ያንን ቅቤ የተካሁት በዚያ ብድር ነው። ለጋሾቻችን እዚህ ስላላችሁ ልንገራችሁ፤ ያ ብድር ብዙ ብር አልነበረም፤ ነገር ግን ፋሲካን ያለ ሥራ እንዳላልፍ አድርጎኛል። ከፍዬም ጨርሻለሁ።

ከዚያ በኋላ ምግብ መሥራትን እንደ አዲስ ተማርኩ። ሽንኩርት ያለ ዘይት ሲቁላላ ድምፅ እንዳለው ታውቃላችሁ? ውሃው ሳለ ድምፁ ወፍራም ነው፤ ውሃው ሲያልቅ ይቀጥንና ምጣድ ላይ እንደሚቆላ እህል ይንጣጣል። ያኔ ነው ዘይቱ የሚገባው። በርበሬው መብሰሉን በዓይን ማየት ይቻላል፤ ቀለሙ ይጠቁራል፣ ዘይቱ በድስቱ ዙሪያ ወደ ላይ ይወጣል፣ አረፋውም ትልልቅ ይሆናል። እንጀራው ደግሞ ድሮም ለዓይን ነው፤ ዓይኑ ከዳር እስከ መሐል ሲወጣ ምጣዱ ይከደናል፣ ጫፉ ከምጣዱ ሲለቅ በሰፌድ ይወጣል።

ለቀረው ግን መለካት ነበረብኝ። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ለካሁ! ሲኒ፣ ኩባያ፣ የሾርባ ማንኪያ ደርድሬ ትልቋ ልጄ በደብተር ትጽፍ ጀመር። ልጄ ቀማሽ፣ እኔ ሠሪ። «ጨው አነሰ» ስትል እንደገና እንለካለን። ለ4 ሰው ሽሮ፦ በደቃቁ የተከተፈ 3 መካከለኛ ቀይ ሽንኩርት፣ ግማሽ ሲኒ ዘይት፣ 4 ፍንካች ነጭ ሽንኩርት፣ 8 የሾርባ ማንኪያ ሽሮ፣ 3 ኩባያ ውሃ። ለአብሲት ደግሞ፦ 1 ኩባያ ሊጥ ለ3 ኩባያ ውሃ፤ እስኪፈላ እያማሰሉ፣ ሲበርድ ወደ ቡሖው መመለስ። እናቴ ብታየኝ ትስቅብኝ ነበር።

ፋሲካ በዚያ ዓመት ሚያዝያ 24 ዋለ። ቅዳሜ ሌሊት ዶሮውን በጆሮና በዓይን ሠራሁት። ሽንኩርቱን ሳቁላላ ጎረቤቴ ከማፍጠሪያ በኋላ መጥተው በሩ ላይ ቆመው አሸተቱ። «ጥሬው ወጥቶለታል፣ ቀጥይ» አሉኝ። ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ገበታ ቀረበ። ትንሹ ልጄ ጎረሰ፣ ሌላ ጎረሰ፣ ከዚያ ጣቱን ላሰ። ቀና ብሎ «እማዬ፣ የዘንድሮው ይበልጣል!» አለኝ። እኔ ጎረስኩ። ሙቀት፣ ጨው፣ ማቃጠል፤ ሌላ ምንም። ነገር ግን እንዲህ ጣፍጦኝ የበላሁት ፋሲካ የለም ብላችሁ ታምኑኛላችሁ? ልጄ ሲበላ እያየሁ ነዋ።

መንገዱ በዚህ አላለቀም። ሰኔ ላይ ሽታ መመለስ ጀመረ፤ ግን ተጣሞ። ቡና ሲቆላ የተቃጠለ ጎማ ሸተተኝ። ነጭ ሽንኩርትም የበሰበሰ ነገር ሆነብኝ። ይሄ በሽታው ያመጣው እንደሆነ፣ ቡናና ሽንኩርት በብዙ ሰው ላይ እንዲህ እንደሚያደርጉ ኋላ ሰማሁ። ያኔ ግን ለማን ይነገራል? ጎረቤት ቡና ጠርታ፣ ጭሱን ወደ እኔ ስታቀርብልኝ፣ ትንፋሼን ይዤ «እሰይ፣ ቤትሽ ይሙቅ» እል ነበር። አቦል፣ ቶና፣ በረካ፤ ሦስቱንም እንደ ኮሶ ነበር የምጠጣው።

በጤና ጣቢያ ያለችው ነርስ አንድ ነገር መከረችኝ። አፍንጫም እንደ እግር ልምምድ ይፈልጋል አለችኝ። ሎሚ፣ ቅርንፉድ፣ ባሕር ዛፍና ጽጌረዳ ጠዋትና ማታ ማሽተት፤ እያንዳንዱን ለትንሽ ሰከንድ፣ ሽታውን በልብ እያስታወሱ፣ ለወራት። ጽጌረዳ ከየት አመጣለሁ? በእሷ ፈንታ ጤና አዳም ተካሁ። ጠዋት ጠዋት በረንዳ ላይ ተቀምጬ ሎሚ ሳሸት፣ ሰፈርተኛው «ምን ነካት?» ሳይለኝ አልቀረም። ሎሚውን እያሸተትኩ ልጅነቴን አስባለሁ፤ ቅርንፉዱን እያሸተትኩ የእናቴን ሻይ አስባለሁ። ብዙ ቀን ምንም አልነበረም።

ነሐሴ ላይ፣ በፍልሰታ ጾም፣ አንድ ቀን ሽንኩርት ጥጄ ዝናቡ ልብሱን እንዳያርስብኝ ላስገባ ወጣሁ። ስመለስ አንድ ነገር አፍንጫዬን መታኝ። ቆምኩ። ሽንኩርት ነው። የአረረ ሽንኩርት! ጎማ አይደለም፣ ብስባሽ አይደለም፤ እናቴን «የት ሄደሽ ነው!» የሚያሰኛት የአረረ ሽንኩርት። ድስቱን ማውረድ ትቼ እልል አልኩ። ጎረቤቴ «ምን ተወለደ?» እያሉ እየሮጡ መጡ። ድስቱ ጥቁር ሆኗል፤ እኔ እየሳቅኩ አለቅሳለሁ። እሳቸውም አሸተቱና «ኧረ አሯል!» አሉ። «አሯል!» አልኳቸው። ተቃቅፈን ሳቅን።

ዛሬ አፍንጫዬ ሙሉ በሙሉ ተመልሷል አልላችሁም። ቡና ወደ ቦታው ተመልሷል፣ ምስጋና ለፈጣሪ። ከርቤ ግን አሁንም አይሸተኝም። ቅቤ ስገዛም ጎረቤቴን እስካሁን ይዣቸው እሄዳለሁ፤ አሁን ለአፍንጫቸው ሳይሆን ለወሬያቸው ነው።

ያ ደብተር ግን አለ። አዲስ የሚገቡ እህቶቻችን እንጀራና ወጥ ሲለማመዱ የሚያነቡት እሱን ነው። አፍንጫዬ ባይጠፋ ኖሮ አይጻፍም ነበር። አንድ ገጹ ግን ባዶ ነው፤ ያች እህታችን የምትጋግረው ድፎ ዳቦ። ቅመሟን ሁላችንም በልተነዋል፤ ልኩን ማንም አልጠየቃትም። ስንት ጊዜ አጠገቧ ቆሜ ሊጡን ስትለውስ አይቻለሁ፤ «ሁልጊዜ አለች» ብዬ ነው።

ስለዚህ አንድ ልመና አለኝ። ለሚቀጥለው ስብሰባ እያንዳንዳችን የምናውቃትን አንዲት ምግብ በሲኒና በማንኪያ ለክተን፣ መጻፍ የማንችል ልጆቻችንን አጽፈን እናምጣ። አጠገባችሁ ያለችውንም ትልቅ ሴት ዛሬውኑ ጠይቋት።

እኔ በየጠዋቱ አብሲቱን ስጥድ እንፋሎቱን አሸታለሁ። የጤፍ ሽታ ነው፤ ሌላ ምንም የለውም። «ዛሬም አለሁ» እላለሁና ሥራዬን እቀጥላለሁ።

በሉ፣ ዳቦው እንዳይቀዘቅዝ። የተቆራረጠው በደቡብ በኩል ካለው ጠረጴዛ ላይ ነው።