ሩጫና ትምህርት



«ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም» ይባላል። ሆኖም በ1964 ዓ.ም. በሙኒክ ኦሊምፒክ ኢትዮጵያን የወከለው ኃይሉ ኤባ በአሜሪካ የኦሪገን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተማሪም ሯጭም ነበር። ሁለቱን የሚያስታርቀው የሯጩ ብርታት ብቻ አይደለም፤ በዚያ አገር ተማሪው የሚሮጠው ለሚማርበት ዩኒቨርሲቲ ነው፤ የትምህርት ውጤቱ ከተወሰነው በታች ከወረደም ከውድድር ይታገዳል።

የከሚሴን ወጣት ግን መንታ መንገድ ይጠብቀዋል። ደመወዝ የሚከፍሉት ታላላቅ ክለቦች በአብዛኛው በአዲስ አበባ ናቸው፤ ምሕንድስና የሚማርበት የወሎ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ተቋም ደግሞ በስተሰሜን በኮምቦልቻ ይገኛል። ክለቡን ቢመርጥ ደብተሩን ይዘጋል፤ ኋላም አንድ የእግር ጅማት ቢጎዳ እንጀራው ይቋረጣል።

መሐንዲስ ድልድይ ሲነድፍ ከሚጠበቀው ጭነት በላይ እንዲሸከም አድርጎ ነው። ለሯጭ ያ መጠባበቂያ ትምህርት ነው። ስለዚህ ክለቦች በውላቸው ላይ የትምህርት ጊዜን ያስፍሩ፤ ዩኒቨርሲቲዎችም በውድድር ወራት የኮርሱን ብዛት ያቅልሉ፣ ያመለጠውንም ፈተና በሌላ ቀን ይስጡ። ትምህርቱ በአምስት ዓመት ፈንታ በሰባት ቢፈጸም ጉዳት የለውም። የሯጭ ዘመን አጭር ነው፤ ከዚያ በኋላ ያለው ዕድሜ ግን ረጅም ነው።