ጎዳናው የእግረኛ ነው፤ ነዋሪው ይጠየቅ
(የፓርቲያችን ዋና ጸሐፊ ለከተማ መራጮች ያሰሙት ንግግር)



አብዛኞቻችን ሥራ፣ ገበያና ትምህርት ቤት የምንደርሰው በእግርና በታክሲ ነው። ሰፊ የእግረኛ መንገድ፣ ጥላና መብራት ለእኛ ቅንጦት አይደሉም። በ2011 ዓ.ም. «መንገድ ለሰው» ተብሎ ጎዳናዎች ለአንድ ቀን ከመኪና ነጻ ሲደረጉ ሐሳቡ መልካም ነበር። በ2016 ዓ.ም. በተጀመረው የኮሪደር ልማት ከአራት ኪሎ እስከ ፒያሳ የእግረኛው መንገድ መስፋቱንም አንክድም።

ጥያቄያችን ሌላ ነው፤ ማን ተጠየቀ? በፒያሳና በዶሮ ማነቂያ ለብዙ ዘመን የኖሩ ቤተሰቦች ተነሥተው ራቅ ወዳሉ ሰፈሮች ሄደዋል። ለብዙዎቹ በእግር ይደርሱበት የነበረው ሥራ ዛሬ የታክሲ መንገድ ሆኗል። ለእግረኛ ተብሎ በተሠራ ጎዳና እግረኛው ከታጣ፣ ልማቱ ለማን ነው?

ሕጉ ዝም አላለም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 43 ንዑስ አንቀጽ 2 ዜጎች አካባቢያቸውን በሚመለከቱ ፕሮጀክቶች ላይ ሐሳባቸውን እንዲሰጡ የመጠየቅ መብት ይሰጣል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1161ም የሚነሡ ባለይዞታዎች ይዞታቸውን ከማስረከባቸው ቢያንስ ከአንድ ዓመት በፊት እንዲመከሩ ደንግጓል። ለአስቸኳይ ሥራ የተተወው ልዩ ሁኔታ ዋናውን ደንብ ሊውጠው አይገባም።

ስለዚህ ብትመርጡን የሚከተለውን ለመፈጸም ቃል እንገባለን፤

1. ማንኛውም የጎዳና ፕላን ከመጽደቁ በፊት ንድፉና ወጪው በየወረዳው ጽሕፈት ቤት ሁሉም በሚያየው ቦታ ይለጠፋል።

2. ነዋሪው፣ ባለሱቁ፣ ሊስትሮው፣ ጉልት ቸርቻሪዋ፣ አካል ጉዳተኛውና የታክሲ ሾፌሩ በተገኙበት ስብሰባ ይደረጋል። ስብሰባው የሚጠራው ሠራተኛው በሚመቸው ሰዓት ነው፤ ቃለ ጉባኤውም ለሕዝብ ይገለጣል።

3. ተቀባይነት ላላገኘ ሐሳብ ምክንያቱ በጽሑፍ ይሰጣል።

4. ካሳና ምትክ ቦታ ሳይሰጥ ቤት አይፈርስም።

ይህ ሥራ ያጓትታል የሚሉ አሉ። ነገር ግን ዜብራው የት ቢሆን እንደሚሻል፣ ጎርፉ በየት በኩል እንደሚወርድ፣ አዛውንቶች የት አረፍ እንደሚሉ ከሰፈሩ ሰው በላይ የሚያውቅ የለም። እርሱን ጠይቆ መሥራት፣ ሠርቶ ከማፍረስ ይቀላል። ከመጠምጠም መማር ይቅደም ይባላል፤ እኛም ከማፍረስ መጠየቅ ይቅደም እንላለን።

ድምፃችሁ በምርጫ ቀን ብቻ ሳይሆን በደጃችሁ ጎዳና ላይም እንዲሰማ፣ ምረጡን!