ድንጋዩን የያዘው ኖራ

ጎንደር፣ ፋሲል ግቢ የገባ ሰው ዓይኑ መጀመሪያ የሚያርፈው በግንቡና በሰገነቱ ላይ ነው። እኛ ግን ዛሬ በድንጋዮቹ መካከል ያለችውን ነጣ ያለች መስመር እናያለን። ኖራ ናት።

አፄ ፋሲል ጎንደርን በ1636 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ሲቆረቁሩ ግንበኞቹ የያዙት ማጣበቂያ እሷ ነበረች። አሠራሩ ይደንቃል። የኖራ ድንጋይ በ900 ዲግሪ ገደማ ሙቀት ሲቃጠል በውስጡ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣል። የተቃጠለው ውሃ ሲነካው ይንተከተካል፣ ይፈርሳል፣ ልሞ ሊጥ ይመስላል። ከአሸዋ ጋር ተቦክቶ ግድግዳ ውስጥ ከገባ በኋላ ያጣውን ጋዝ ከአየር ላይ ቀስ በቀስ መልሶ እየወሰደ እንደገና ድንጋይ ይሆናል።

ዛሬ ብሎኬት የሚደረድረው ግንበኛ እጁ ላይ ያለው ሲሚንቶ ነው። ሲሚንቶ ከውሃ ጋር ተዋህዶ ቶሎ ይጠነክራል፤ ለሥራ ፍጥነት ኖራ አይተካከለውም። ቱምቢው፣ ውሃ ልኩና ሲባጎው ግን ያው ናቸው። የላይኛው ብሎኬት የታችኞቹን ሁለት መገናኛ መሸፈን አለበት፤ መገናኛዎቹ አንድ መስመር ላይ ከገጠሙ ስንጥቁ መንገድ አገኘ ማለት ነው።

ለአሮጌ ግንብ ግን ሲሚንቶ አይስማማውም። እርጥበት አላሳልፍ ስለሚል ውሃው ድንጋዩ ውስጥ ታምቆ ይሸረሽረዋል። በጣሊያን ወረራ ዘመን የጎንደር ግንቦች በሲሚንቶና በኮንክሪት ተጠግነው ነበር። በኋላ የመጡት ጠጋኞች ወደ ኖራው ተመለሱ፤ ደግ አደረጉ።