ሎሚና ጨው የማያወጣው
(ልደታ በሚገኘው የጤና ሳይንስ ግቢ ለተማሪዎችና ለመምህራን የተደረገ ንግግር)



ዛሬ ልንናገር የተነሣነው ስለ ዶሮ ነው። ርእሱን ሰምቶ ፈገግ ያለ ጓደኛ ቢኖር አንቀየመውም። ነገር ግን በበዓል ዋዜማ ከዚህ ግቢ ወጥቶ ወደ አብነት ብቅ ያለ ሰው ነገሩ ቀልድ እንዳልሆነ ይረዳል። ገዢው ዶሮዋን አንሥቶ ክብደቷን በእጁ ይመዝናል፤ ላባዋን ገለጥ አድርጎ ደረቷን ይዳስሳል፤ ዓይኗን ያያል፤ ይከራከራል፥ ይገዛል። ከዚያ ወዲያ እናቶቻችን ምን ያህል እንደሚደክሙባት ሁላችንም እናውቃለን። በ12 ብልት ያወጧታል፤ ውኃው ጥርት እስኪል ድረስ በሎሚና በጨው ደጋግመው ያጥቧታል። በአገራችን አንዲት ሴት ባለሙያ ከምትባልባቸው ነገሮች አንዱ ይኸው የዶሮ አስተጣጠብ ነው።

እኛ የምንናገርለት ነገር ግን በዓይን አይታይም፤ በእጅ አይዳሰስም፤ በሎሚም አይለቅም። ይኸውም ዶሮዋ በሕይወት ሳለች የተሰጣት መድኃኒት በሥጋዋ፥ በጉበቷና በኩላሊቷ ውስጥ የሚተወው ቅሪት ነው።

ዶሮ ስትታመም መድኃኒቱ በምትጠጣው ውኃ ወይም በመኖዋ ይሰጣታል። ከእነዚህም አንዱ ኦክሲቴትራሳይክሊን ነው። መድኃኒቱ በደም ተሸክሞ መላ አካሏን ይዳረሳል፤ ከዚያም ቀስ በቀስ ከሰውነቷ ይወጣል። ለመውጣት ግን ቀን ይፈልጋል። ስለዚህ ለእርድ እንስሳት በተሠራ መድኃኒት መግለጫ ላይ የመቆያ ቀን ይጻፋል። ትርጉሙም የመጨረሻው መድኃኒት ከተሰጠ በኋላ እንስሳው ሳይታረድ ስንት ቀን መቆየት እንዳለበት ማመልከት ነው። መጠኑና ቀኑ ከተጠበቀ ሥጋው አያሠጋም።

ታዲያ ቀኑ ለምን አይጠበቅም? አንድ ዶሮ አርቢ እናስብ። ለፋሲካ 4 ቀን ሲቀረው ዶሮዎቹ መታመም ጀመሩ። የመኖው ዋጋ ዕዳ ሆኖበታል። መድኃኒት ሰጠ፤ መግለጫው ግን ከ4 ቀን በላይ ቆይ ይለዋል። ቢቆይ ገበያው ያልፍበታል፤ ከበዓል በኋላ ዋጋው ይወርዳል፥ መኖው ግን መበላቱን አያቆምም። ባይቆይ መድኃኒቱ ከዶሮዋ ጋር ድስት ውስጥ ይገባል። ይህን ሰው ክፉ ነው ብሎ መፍረድ ቀላል ነው። እኛ በእርሱ ቦታ ብንሆን ምን እናደርግ ነበር ብሎ መጠየቅ ግን ከባድ ነው።

ይበልጥ የሚያሳዝነው መድኃኒቱ በከንቱ የሚሰጥበት ጊዜ መኖሩ ነው። ገጠሬውም ከተሜውም የሚያውቀው ታላቁ የዶሮ ጠላት ፈንግል ነው። ፈንግል ከቫይረስ የሚመጣ በሽታ ነው፤ ቴትራሳይክሊን ደግሞ ባክቴሪያን እንጂ ቫይረስን አይነካም። ሆኖም ለሰው የተሠራውን የቴትራሳይክሊን ካፕሱል ከፍቶ፥ በውኃ በጥብጦ ለዶሮ ማጠጣት በአገራችን የታወቀ ልማድ ነው። ካፕሱሉ ለሰው የተሠራ ነውና ለዶሮ የሚሆን የመቆያ ቀን አልተጻፈበትም። እንግዲህ ዶሮዋ ከፈንግል አልዳነችም፤ የዶሮዋም በላተኛ ከመድኃኒቱ አልዳነም።

ጉዳቱስ ምንድር ነው? አንደኛ፥ ፔኒሲሊን የማይስማማው ሰው በምግብ ውስጥ በቀረው ጥቂት መጠን እንኳ ሊታመም ይችላል። ሁለተኛ፥ ክሎራምፌኒኮል የተባለው መድኃኒት በአንዳንድ ሰው ላይ መቅኒ ደም መሥራት እንዲያቆም ያደርጋል፤ ለዚህም ይህን ያህል ቢበላ አይጎዳም የሚባል ልክ ሊወሰንለት ስላልቻለ፥ በብዙ አገር ለምግብ በሚውል እንስሳ ላይ ፈጽሞ ተከልክሏል። ሦስተኛውና ሰፊው ጉዳት የባክቴሪያ መላመድ ነው። በዶሮ ቤት መድኃኒት በተደጋገመ ቁጥር ደካማው ባክቴሪያ ይሞታል፥ የተላመደው ተርፎ ይራባል። የተላመደውም በእጅ፥ በሥጋና በኩስ ወደ ሰው ይሻገራል። እውነቱን ለመናገር፥ ለመላመዱ ዋናው ምክንያት በሥጋ ውስጥ የቀረችው ጥቂት መድኃኒት ሳትሆን በዶሮ ቤት ያለልክ የሚፈሰው ነው። ቅሪቱ ግን ያለልክ ለመፍሰሱ ምስክር ነው። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2006 አንቲባዮቲክን ለእንስሳት ማሳደጊያ ብቻ ብሎ መስጠትን የከለከለው ይህንኑ ፈርቶ ነው።

አሁን ወደ ምርመራው እንግባ። ኮዴክስ አሊሜንታሪየስ የሚባለው የዓለም የምግብ ደንብ፥ በዶሮ ሥጋ ውስጥ የቴትራሳይክሊን ዓይነቶች በኪሎ ከ200 ማይክሮግራም እንዳይበልጡ ይወስናል፤ በጉበት 600፥ በኩላሊት 1200 ነው። 200 ማይክሮግራም ማለት አንድ ግራም መድኃኒት በ50 ኩንታል ሥጋ ላይ ቢበተን እንደማለት ነው። ይህን ያህል ረቂቅ ነገር እንዴት ይገኛል?

በሁለት ደረጃ ይገኛል። የመጀመሪያው ወንፊት ነው። በሳሕን ላይ በረጋ አጋር ውስጥ ባሲለስ ሰብቲሊስ የተባለ የማይጎዳ ባክቴሪያ ይዘራል። ከላዩ ትንሽ የሥጋ ወይም የኩላሊት ቁራጭ ይቀመጥና በሙቀት ሣጥን ያድራል። ጠዋት ባክቴሪያው ሳሕኑን እንደ ጉም ሸፍኖት ይገኛል። በሥጋው ዙሪያ ግን የጠራ ቀለበት ከታየ እዚያ ባክቴሪያውን የከለከለ ነገር አለ ማለት ነው። ይህ ዘዴ ርካሽ ነው፤ ሁለት ጉድለት ግን አለው። ቀለበቱ የመድኃኒቱን ስም አይናገርም፤ ኩላሊት ደግሞ በራሱ ባሕርይ ባክቴሪያን ሊከለክል ስለሚችል አንዳንዴ ያለጥፋቱ ይከሰሳል። ቀለበት አለመታየቱም ፍጹም ንጽሕና አይደለም፤ ክሎራምፌኒኮልን የመሰለው በጣም በጥቂቱ የሚፈለግ መድኃኒት በዚህ ወንፊት ያልፋል።

ሁለተኛው ደረጃ ዳኛው ነው። ሥጋው ይፈጫል፤ መድኃኒቱም በአሲድነቱ በተመጠነ ውሁድ ተጠምቆ ይወጣል። ቴትራሳይክሊን ካልሲየምንና ሌሎች ብረታ ብረቶችን አጥብቆ ስለሚይዝ፥ እንዲለቅ ኢዲቲኤ ይጨመርበታል። ከዚያ ተጣርቶ በፈሳሽ ክሮማቶግራፊ መሣሪያ ያልፋል፤ እያንዳንዱም መድኃኒት በራሱ ሰዓት ይወጣል፥ መጠኑም ይለካል። ማስ ስፔክትሮሜትር ከተጨመረበት ደግሞ ማንነቱ ያለ ጥርጥር ይታወቃል። የመጀመሪያው ይጠረጥራል፥ ሁለተኛው ይፈርዳል። በወንፊቱ ብቻ ሰውን መክሰስ ግፍ ነው፤ ሁሉን ናሙና ለዳኛው ማቅረብ ደግሞ ኪስን ያራቁታል።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ እንደሚነሣ እናውቃለን፦ ውጤቱ እስኪመጣ ወጡ ተበልቶ አላለቀም ወይ? አዎን፥ አልቋል። ምርመራው የዛሬዋን ዶሮ አያነጻም። ጥቅሙ ለሚመጣው በዓል ዶሮ ነው፤ አርቢው የሚያየው ዓይን እንዳለ ካወቀ የመቆያውን ቀን ይቆጥራል። ደግሞም የድስቱ እሳት ይጨርሰዋል ብለን እንዳንጽናና፥ ሙቀት የቴትራሳይክሊንን ከፊል ቢሰብርም ክሎራምፌኒኮል እሳትን በእጅጉ የሚችል ነው።

በአገራችን ነገሩ ጭራሽ አልተነካም ማለት ግን ስሕተት ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 በታተመ ጥናት ከአዲስ አበባ፥ ከደብረ ዘይትና ከናዝሬት ቄራዎች ከታረዱ ከብቶች የተወሰዱ 384 ናሙናዎች ተመርምረው፥ በ71.3 ከመቶው ኦክሲቴትራሳይክሊን ተገኝቷል። ይህ የበሬ እንጂ የዶሮ ሥጋ አይደለም፤ ደግሞም መገኘትና ከልክ ማለፍ አንድ አይደሉም። ቢሆንም የበሬው ሥጋ በቄራ በር ያልፋል፤ የበዓል ዶሮ ግን ከገበያ በቀጥታ ወደ ጓሮ ነው የምትሄደው፥ በመንገዷ ላይ መርማሪ የለም። የእንስሳት መድኃኒትና መኖ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 728/2004 ወጥቷል። ሕግ ግን እንደ መድኃኒት መግለጫ ነው፤ ካላነበቡትና ካልጠበቁት ወረቀት ሆኖ ይቀራል።

እንግዲህ ከእኛ ምን ይጠበቃል? ሦስት ነገር እናቀርባለን።

አንደኛ፥ ነገ በመድኃኒት ቤት የምንቆም ተማሪዎች፥ ቴትራሳይክሊን ለዶሮዬ ብሎ የሚመጣውን ሰው በቁጣ አንመልሰው፤ ዝም ብለንም አንሽጥለት። ፈንግል በክትባት እንጂ በካፕሱል እንደማይመለስ እናስረዳው። ክትባቱ በውጭ አገር ብቻ የሚገኝ አይደለም፤ በ1956 ዓ.ም. የተቋቋመው የደብረ ዘይቱ ብሔራዊ የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት ያመርተዋል። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ለዚህ ነው፤ ለተከተበች ዶሮ ለፈንግል ተብሎ የሚሰጥ መድኃኒትም ቅሪቱም አይኖርም።

ሁለተኛ፥ የሳሕኑ ምርመራ ከተማሪ ላቦራቶሪ አቅም በላይ አይደለም። በመምህራን ፈቃድና አመራር፥ ከበዓል በፊትና በኋላ ከገበያ የተገዙ ዶሮዎችን እየመረመርን ብንመዘግብ፥ ዋዜማው ከሌላው ጊዜ መለየት አለመለየቱን እናውቃለን። የሻጩ ስም አይመዝገብ፤ የምንፈልገው ዕውቀት እንጂ ተከሳሽ አይደለም።

ሦስተኛ፥ ቀለበት የታየባቸው ናሙናዎች ወደ ዳኛው መሣሪያ እንዲደርሱ ከቢሾፍቱ የእንስሳት ሕክምና ተማሪዎችና ከኬሚስትሪ ጓደኞቻችን ጋር እንተባበር። እነርሱ ዶሮዋን ያውቃሉ፥ እነዚያ መሣሪያውን፥ እኛ መድኃኒቱን። ተለያይተን ስንቀመጥ ዶሮዋ በመካከላችን ታልፋለች።

እናቶቻችን በሎሚና በጨው የሚችሉትን ሁሉ አድርገዋል። የቀረው እጥበት በእነርሱ እጅ አይደለም፤ በአርቢው ትዕግሥትና በእኛ ትምህርት ነው። ለሚመጣው በዓል ወጡ ሲቀርብልን፥ ቢያንስ ይህን ሥራ ጀምረናል ለማለት ያብቃን።