ሊቲየም ባትሪ በመጋዘን፣ በመንገድና በጎጆ



እንደሚታወቀው የዋግ ኽምራ አርሶ አደር ለብዙ ዘመን በኩራዝ ጭስ ሲያመሽ ኖሯል። ዛሬ የፀሐይ መብራት፣ ሞባይልና ፓወር ባንክ ከሰቆጣ ከተማ አልፈው ደሃና፣ ዝቋላና አበርገሌ ቀበሌዎች ድረስ ዘልቀዋል። የብዙዎቹ ጉልበት ሊቲየም ባትሪ ነው። ክብደቱ ትንሽ፣ የሚይዘው ኃይል ግን ብዙ ነው፤ ይኸው ኃይል በአንድ ጊዜ ሲለቀቅ እሳት ይሆናል።

ለዚህ ምስክሩ የአገራችን አውሮፕላን ነው። ሐምሌ 5 ቀን 2005 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 787 ለንደን ሂትሮው ቆሞ፣ ማንም ሳይኖርበት፣ ከኋላ በኩል ጣሪያው ተቃጠለ። የእንግሊዝ አገር መርማሪዎች በ2007 ዓ.ም. ባወጡት ሪፖርት መነሻው አደጋ ሲደርስ የአውሮፕላኑን ቦታ የሚጠቁመው መሣሪያ ባትሪ መሆኑን ገልጸዋል። ሽቦዎቹ በክዳኑ ሥር ተጨፍልቀው ሳይነካኩ አልቀሩም፤ አንዱ ሴል ጋለ፣ ጎረቤቱን አጋለ፣ እሳቱም ተያያዘ። ባትሪው ቻርጅ የማይደረግ ዓይነት ቢሆንም መጋልና መያያዙ ከፀሐይ መብራቱ ባትሪ ጋር ተመሳሳይ ነው። የእሳት አደጋ ሠራተኞቹ የያዙት የእጅ ማጥፊያ አልሠራላቸውም፤ ጣሪያውን ገልጠው በውኃ አጠፉት።

በገጠር እሳት ሲነሣ አፈር ማልበስ የተለመደ ነው። አፈር ፍንጣሪው ወደ ጭድ እንዳይዘል ይረዳል እንጂ የባትሪውን ውስጥ አያቀዘቅዝም። የሚያቀዘቅዘው ብዙ ውኃ ነው። ከሩቅ ምንጭ ውኃ አዝላ ዳገት የምትወጣ እናት ይህን ሰምታ ብትስቅ አይፈረድባትም! ስለሆነም በዋግ ዋናው ነገር ቀድሞ መጠንቀቅ ነው።

ያበጠ፣ ያለ ምክንያት የሚግል ወይም እንግዳ ሽታ ያለው ባትሪ ቻርጅ አይደረግም፣ አይበሳም። ከቤትና ከጭድ ክምር ርቆ ሜዳ ላይ ይቀመጥ። መጨስ ከጀመረ ግን ማንም በእጁ አያንሳው፤ ጭሱ መርዝ ስለሆነ በቅድሚያ ሰው ይውጣ፣ ከዚያ ከብት። ከኤሌክትሪክ መስመር ጋር ተያይዞ ከሆነ ውኃ ከመድፋት በፊት መስመሩ ይቋረጥ። የጠፋ መስሎ ከሰዓታት በኋላ እንደገና ሊነድ ስለሚችል ጠባቂ ያስፈልገዋል።

ቻርጅ የሚደረገው ሰው ነቅቶ ሳለ፣ በራሱ ቻርጀር፣ ባዶ ድንጋይ ላይ ነው። አልጋ ላይ፣ ትራስ ሥር፣ ሣር ክዳን ባለው ቤት ጭድ አጠገብ ማሳደር ጎተራን ከነእህሉ አሳልፎ መስጠት ነው።

ከወልድያ ወይም ከኮረም ወደ ሰቆጣ በሚመጣ ጭነት ባትሪ ከነጭ ጋዝና ከቤንዚን ጀሪካን ጋር አይታሰር። የተፈታ ባትሪ ጫፎቹ እንዳይነካኩ በናስትሮ ይሸፈኑ፤ እንዳይንገጫገጭና ፀሐይ እንዳይመታውም በካርቶን ይታሸግ። በላሊበላ በኩል በአውሮፕላን የሚሄድ ሰው ፓወር ባንኩን በእጁ ይዞ ይገባል እንጂ ለጭነት በሚሰጠው ሻንጣ ውስጥ አይከትም።

የማኅበራት መጋዘን ጠባቂዎችም ባትሪን ከጆንያ፣ ከፀረ ተባይ ኬሚካልና ከማር ሰም ለይተው ያስቀምጡ። ያገለገለውን አባላት ሲመልሱ አሸዋ ባለበት ቆርቆሮ ዕቃ፣ ከግድግዳው ውጭ፣ ዝናብ በማይደርስበት ይጠራቀም። የድሮውን ባትሪ ድንጋይ ሰባብሮ በጥቁር ዱቄቱ የትምህርት ቤት ሰሌዳ ማጥቆር የለመዱ ልጆች ሊቲየሙንም በድንጋይ ሊቀጠቅጡት ይችላሉና ወላጆች ዛሬውኑ ይንገሯቸው።