ከፉርጎው በታች፦ ወደ ጎንደር ደጋ ስለሚታሰበው ባቡር የመንኰራኵር ጉዳይ



ስለ ባቡር መንገድ በተወራ ቍጥር አብዛኛውን ጊዜ የሚነሣው የሐዲዱ ርዝመት፣ የድልድዩ ቁመት፣ የዋሻው ብዛትና የገንዘቡ መጠን ነው። ከፉርጎው ወለል በታች ተደብቆ ሸክሙን ሁሉ የሚሸከመው ክፍል ግን የሚታወሰው ሲሰበር ብቻ ነው። የዛሬው ንግግር ርእስ ይኸው የተደበቀው ክፍል፣ ማለትም መንኰራኵሩ፣ ዘንጉ፣ ኩሽኔታው፣ ሞላውና እነዚህን ሁሉ አስተባብሮ የሚይዘው ቦጊ የተባለው ሠረገላ ነው። ጉዳዩ የሚመረመረው በጎንደር ምድር ላይ ነው። ይህም በጎንደር ባቡር ኖሮ ሳይሆን፣ በአገር አቀፉ የባቡር መረብ ዕቅድ ውስጥ ከወረታ ተነሥቶ በአዘዞ በኩል እስከ መተማ የሚደርስ 244 ኪሎ ሜትር መስመር በመካተቱ ነው። መስመሩ ገና በወረቀት ላይ ያለ ነው። በወረቀት ላይ ያለ ነገር ደግሞ በላጲስ ይታረማል፤ ስለ መንኰራኵር አስቀድሞ መነጋገር የሚያስፈልገውም ስለዚሁ ነው።

የጎንደርን ደጋ ለሚያውቅ ሰው ቁልቁለት ምን እንደ ሆነ ማስረዳት አያሻም። ከደባርቅ አልፎ በጣልያን ወረራ ዘመን በተሠራው የሊማሊሞ ጠመዝማዛ መንገድ ወደ ዛሪማ የሚወርድ የጭነት መኪና ሹፌር፣ ገና አፋፉ ላይ ሳለ ማርሹን ቀንሶ፣ በሞተሩ ጉልበት እየተያዘ ይወርዳል። ፍሬኑን ብቻ አምኖ የወረደ እንደ ሆነ ግማሽ መንገድ ሳይደርስ የፍሬን ሸራው ሽታ ይነግረዋል፤ ፍሬኑ በአየር የሚሠራ ከሆነም እየረገጠ እየለቀቀ አየሩን ይጨርሰዋል። ባቡርም የሚገጥመው ችግር ይኸው ነው። የሚለየው ሸክሙ በብዙ እጥፍ መብለጡና የሚንከባለለውም ብረት በብረት ላይ መሆኑ ነው።

ብረት በብረት ላይ ሲንከባለል ሰበቃው እጅግ አነስተኛ ነው፤ የባቡር ጥቅሙም አደጋውም ከዚህ ይመነጫል። ዐፄ ቴዎድሮስ በጋፋት ያሠሩት ሴባስቶፖል የተባለው መድፍ 7 ቶን ያህል ይመዝን ነበር። በ1860 ዓ.ም. ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ ሲወሰድ፣ ከፊቱ መንገድ እየተደለደለለት፣ በመቶዎች የሚቈጠር ሰው እየጎተተው ግማሽ ዓመት ያህል ፈጅቷል። ያው 7 ቶን በደልዳላ ሐዲድና በደኅና ኩሽኔታ ላይ ቢያርፍ፣ አንድ ጊዜ ከተነቃነቀ በኋላ እንዳይቆም ለመግፋት ከ20 ኪሎ ያልበለጠ ጉልበት ይበቃዋል፤ አንድ ብርቱ ጎልማሳ ብቻውን ይገፋዋል ማለት ነው። ሐዲዱ በየሺህ ሜትሩ 18 ሜትር ሽቅብ ቢወጣ ግን ወዲያው 126 ኪሎ ይጨመርበታል። መንኰራኵር ሰበቃን ይቀንሳል እንጂ ዳገትን አይቀንስም። ቁልቁል ሲሆን ደግሞ ያ 126 ኪሎ ወደ ፊት ይገፋል፤ የሚይዘው ሰበቃም የለም።

አሁን ወደ መንኰራኵሩ እንምጣ። አውቶሞቢል ኩርባ ሲዞር የውጪው ጎማ ከውስጠኛው የበለጠ መንገድ ስለሚሄድ፣ ልዩነቱን የሚያስታርቅ ዲፈረንሻል አለው። ፉርጎ ዲፈረንሻል የለውም። ሁለቱ መንኰራኵሮች በአንድ ወፍራም ዘንግ ላይ በከባድ መጭመቂያ ተገፍተው የተሰኩ ናቸው፤ የሚይዛቸው ቡሎን ወይም ብየዳ ሳይሆን የዘንጉ ውፍረት ከቀዳዳው በሚሊ ሜትር ክፍልፋይ መብለጡ ነው። ስለዚህ አንዱ ፈጥኖ ሌላው ሊዘገይ አይችልም። ብዙ ሰው ባቡሩን በኩርባ የሚመራው በመንኰራኵሩ የውስጥ ጠርዝ ያለው ከንፈር ይመስለዋል። ከንፈሩ ግን የመጨረሻ አጥር እንጂ መሪ አይደለም። መሪው የመንኰራኵሩ ፊት ነው። ይህ ፊት እንደ በርሜል ቀጥ ያለ ሳይሆን ወደ ከንፈሩ ሲጠጋ እየወፈረ፣ ወደ ውጪ ሲሄድ እየቀጠነ የሚሄድ ሾጣጣ ነው፤ የተለመደው ዝንባሌ 1 ለ20 ወይም 1 ለ40 ነው። ጥንዱ ወደ ውጪው ሐዲድ ጠጋ ሲል የውጪው መንኰራኵር በወፍራሙ በኩል፣ የውስጠኛው በቀጭኑ በኩል ይንከባለላል። በአንድ ዙር የሚሄዱት መንገድ ስለሚለያይ ኩርባው ያለ ዲፈረንሻል ይታለፋል። ከዚህ ቀላል ዘዴ የሚበልጥ ዘዴ በሜካኒክ ጥበብ ውስጥ ብዙ አይገኝም።

ሆኖም ዘዴው ዕዳ አለበት። በቀጥታ መንገድም ላይ ሾጣጣው ጥንድ መካከሉን እየሳተ፣ እየተመለሰ፣ እንደ እባብ እየተወዛወዘ ይሄዳል። ክሊንግል የተባለው ጀርመናዊ መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ1883 ባወጣው ቀመር ሲሰላ፣ 84 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለውና ዝንባሌው 1 ለ20 የሆነ መንኰራኵር በ1,435 ሚሊ ሜትር ሐዲድ ላይ አንዱን ውዝዋዜ በ16 ሜትር ገደማ ውስጥ ይፈጽማል፤ ዝንባሌው 1 ለ40 ሲሆን ወደ 22 ሜትር ይረዝማል። ፍጥነት ሲጨምር ይህ ውዝዋዜ ፉርጎውን እስከ መናጥ ይደርሳል። እንግዲህ ለኩርባ የሚመቸው ዝንባሌ ለፍጥነት አይመችም ማለት ነው።

ለኩርባውም ቍጥሩን መመልከት ይጠቅማል። ያው ጥንድ ሬዲየሱ 800 ሜትር የሆነ ኩርባ ሳይፋጭ እንዲያልፍ ወደ ውጪ 8 ሚሊ ሜትር ያህል ጠጋ ማለት ይበቃዋል፤ ይህም በከንፈሩና በሐዲዱ መካከል ከሚተወው ክፍተት ጋር ይቀራረባል። ሬዲየሱ ወደ 300 ሜትር ሲጠብ ግን 21 ሚሊ ሜትር መጠጋት ይኖርበታል፤ ክፍተቱ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ 10 ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም። ያን ጊዜ ከንፈሩ ከሐዲዱ ጎን ጋር ይላተማል፤ መንኰራኵሩ በከፊል መንከባለሉን ትቶ ይንሸራተታል፤ ያ ጆሮ የሚበሳው ፉጨትም ይሰማል። ፉጨቱ የሚበላ ብረት ድምፅ ነው። በተራራ አገር ቀያሹ ገደሉን ለመሸሽ ኩርባ ባጠበበ ቍጥር ከቍፋሮው ሒሳብ የቀነሰው ገንዘብ አይጠፋም፤ ወደ መንኰራኵሩ ሒሳብ ይዛወርና መስመሩ እስካለ ድረስ በየዓመቱ ይከፈላል። ይህ ነገር ጨረታ በሚመረመርበት ጊዜ ሲነሣ እምብዛም አይሰማም።

ቦጊው የተፈለሰፈው ይህን ፍጭት ለማቅለል ነው። ረጅም ፉርጎ አራቱ ዘንጎቹ ከወለሉ ጋር ተቸንክረው ቢሆን ኖሮ ኩርባ ሊዞር ባልቻለ ነበር። ስለዚህ ሁለት ሁለቱ ዘንጎች በአጭር ሠረገላ ላይ ይታሰሩና ፉርጎው በሁለቱ ሠረገሎች ላይ ይቀመጣል። በብዙ የዓለም ክፍሎች የጭነት ባቡር የሚጠቀምበት ቦጊ ሦስት ዋና ቍራጮች ብቻ አሉት፤ ይኸውም ሁለት የጎን ብረቶችና በመካከል የሚያገናኛቸው አንድ ወጋግራ ነው። ወጋግራው በሁለቱ ጫፎቹ በሞላ ላይ ያርፋል፤ በመካከሉ ደግሞ የፉርጎው እንብርት የሚገባበት ክብ ጎድጓዳ አለው። ንዝረቱን የሚያበርደው ከሞላው አጠገብ ተጨምቆ ከጎን ብረቱ ጋር የሚፋተግ ሽብልቅ ነው። ቍራጮቹ ጥቂት ስለ ሆኑ ርካሽ ነው፤ ሐዲዱ ሲጣመምም እየተጣመመ መንኰራኵሮቹን ሁሉ መሬት ያስረግጣል። በአንጻሩ በጠባብ ኩርባ ላይ ሁለቱ ጎኖች አንዱ ቀድሞ አንዱ ዘግይቶ ሠረገላው ይወላገዳል፤ ሽብልቁ ሲያልቅም ፉርጎው ይወዛወዛል። ለጎንደር ዓይነት አገር ዘንጎቹ በኩርባው ልክ ጥቂት እንዲዞሩ የሚፈቅድ ቦጊ መምረጥ የቅንጦት ነገር አይደለም፤ የመግዣ ዋጋው ቢበልጥም ከንፈሩን ያድናል።

ስለ ዘንጉም ሊታወስ የሚገባው ነገር አለ። ፉርጎው ቆሞ ሲታይ ዘንጉ ሸክም ተሸክሞ የተቀመጠ ይመስላል። በሚዞርበት ጊዜ ግን አሁን ከላይ የነበረው ጎኑ ግማሽ ዙር ሲሞላ ከታች ይሆናል፤ ስለዚህ እያንዳንዱ ጎን በአንድ ዙር አንድ ጊዜ ይለጠጣል፣ አንድ ጊዜ ይጨመቃል። 84 ሴንቲ ሜትር የሆነ መንኰራኵር ከወረታ እስከ መተማ ከ92 ሺህ ጊዜ በላይ ይዞራል፤ በ110 ጉዞ ዙሩ ከ10 ሚሊዮን ያልፋል። እ.ኤ.አ. በ1842 በፈረንሳይ አገር በቬርሳይ መስመር የሎኮሞቲቭ ዘንግ ተሰብሮ ከ50 ሰው በላይ ካለቀ በኋላ፣ ደኅና መስሎ የሚታይ ብረት ስለ ምን በድንገት እንደሚሰበር መሐንዲሶች በብርቱ መጠየቅ ጀመሩ። ጀርመናዊው ቮለር በኋላ ስለ ብረት ድካም ያደረገው ረጅም ምርመራ መነሻው ይኸው የባቡር ዘንግ ነበር። የደከመ ዘንግ በዐይን አይታይም፤ ስንጥቁ የሚገኘው በድምፅ ሞገድ መመርመሪያ ነው።

ከሁሉ የሚከብደው ግን ሙቀት ነው። አዘዞ ከባሕር ወለል 2,000 ሜትር ገደማ፣ መተማ 700 ሜትር ገደማ ከፍታ አላቸው፤ ልዩነቱ 1,300 ሜትር ነው። መስመሩ በየሺህ ሜትሩ 18 ሜትር ሳያቋርጥ ቢወርድ ይህን ለመጨረስ 72 ኪሎ ሜትር ያስፈልገዋል። ጭነቱን ጨምሮ 80 ቶን የሚመዝን ፉርጎ በዚህ ቁልቁለት በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ቢወርድና የሚይዘው የራሱ ፍሬን ብቻ ቢሆን፣ የመንከባለል ሰበቃው ተቀንሶ በእያንዳንዱ ከስምንቱ መንኰራኵር ላይ 13 ኪሎዋት ያህል ሙቀት ይወድቃል። ይህም አራት ያህል የኤሌክትሪክ ምጣድ በአንድ መንኰራኵር ላይ ተጥዶ ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ ሳይጠፋ ቆየ እንደ ማለት ነው። በ60 ኪሎ ሜትር ቢወርድ ደግሞ ምጣዱ ሰባት ስምንት ይሆናል። ፍሬኑ በመንኰራኵሩ ፊት ላይ የሚጫን ከሆነ ያ ሙቀት የሚገባው ሸክሙን በሚሸከመው በዚያው ብረት ውስጥ ነው። መንኰራኵር ሲሠራ ጠርዙ ተጨምቆ እንዲቀር ሆኖ ነው የሚቀዘቅዘው፤ ስንጥቅ እንዳይስፋፋ የሚጠብቀውም ይህ ጭምቀት ነው። ደጋግሞ ከመጠን በላይ ሲግል ግን ጭምቀቱ ወደ ልጥጠት ይለወጣል፤ ያን ጊዜ በፊቱ ላይ የነበረች ትንሽ ስንጥቅ ወደ ውስጥ ትገሰግሳለች።

መድኀኒቱ የሊማሊሞው ሹፌር የሚያውቀው ነው። የኤሌክትሪክ ሎኮሞቲቭ ቁልቁል ሲወርድ ሞተሩ ወደ ጄኔሬተርነት ተለውጦ ባቡሩን ይይዛል፤ ኀይሉንም ወደ ሽቦው ይመልሳል። እንዲህ ሲሆን አብዛኛው ጫና ከመንኰራኵሩ ፊት ይነሣል። ነገር ግን ሽቦው ኀይል ያጣ ቀን ባቡሩ በአየር ፍሬን ብቻ ይቀራል። ስለዚህ የቁልቁለቱ ፍጥነት መወሰን ያለበት ሁሉ ነገር በሚሠራበት ቀን ሳይሆን በዚያ ቀን ልክ ነው። በጎረቤት ኤርትራ ከአስመራ ወደ ምጽዋ የሚወርደው 950 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ሐዲድ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታን በ118 ኪሎ ሜትር ገደማ ውስጥ ይጨርሳል፤ በየሺህ ሜትሩ 35 ሜትር የሚደርስ ቁልቁለትም አለበት። ይህ የተቻለው ባቡሩ አጭርና ቀላል፣ አካሄዱም ዝግ ያለ በመሆኑ ነው። በብዙ ሺህ ቶን የሚቈጠር ሰሊጥና ጥጥ ለማጓጓዝ ለሚታሰብ መስመር ግን ይህ አርአያ አይሆንም።

ፍጥነት ከኩርባ ጋር ሲገናኝ ምን እንደሚያደርስ አገራችን አይታለች። በጥር 1977 ዓ.ም. በአዋሽ አቅራቢያ ፈጣኑ የመንገደኞች ባቡር በገደል ላይ ወደ ተሠራው ኩርባ ድልድይ ሲደርስ ፍጥነቱን ሳይቀንስ በመግባቱ ከሐዲዱ ወጥቶ ከ400 ሰው በላይ ሞቷል። ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ወደ ውጪ የሚገፋው ኀይል አራት እጥፍ ይሆናል። አጥር የሆነው ከንፈርም ከላይ የሚጫነው ክብደት ሲያንስና ከጎን የሚገፋው ሲበዛ በሐዲዱ ራስ ላይ ይወጣል። የከንፈሩ ግድግዳ ቀጥ ባለ መጠን መውጣቱ ይከብደዋል፤ ሰበቃው በበዛ መጠን ይቀለዋል። በኩርባ ላይ የሐዲዱ ጎን ግራሶ የሚቀባው ለፉጨቱ ብቻ ሳይሆን ለዚህም ጭምር ነው።

እንግዲህ የሚቀረው ይህን ሁሉ ማን ይጠብቀዋል የሚለው ነው። ከጅቡቲ ተነሥቶ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ የገባው አሮጌው የምድር ባቡር ድሬዳዋን ያቆመው በጣቢያዋ ብቻ ሳይሆን በጋራዧም ነበር። በዚያ መንኰራኵር ይጠረብ፣ ኩሽኔታ ይለወጥ፣ ሙያውም ከአባት ወደ ልጅ ይተላለፍ ነበር። በአንጻሩ በ2008 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ሥራ የጀመረው ቀላል ባቡር 41 ተሽከርካሪዎች ኖሮት ሳለ በጥቂት ዓመታት ውስጥ አብዛኞቹ በመለዋወጫ እጥረት ቆመዋል። የጎደለው መሐንዲስ አልነበረም። በ1,435 ሚሊ ሜትር ሐዲድ ላይ የሚሠራ ማንኛውም ድርጅት የመንኰራኵር ቶርኖውን ከባቡሩ ጋር ሊያዝ ይገባዋል። ቶርኖው ከመንኰራኵሩ ፊት ጥቂት ሚሊ ሜትር እየላጨ የሾጣጣውን ቅርጽ ይመልሳል፤ በአንድ ዘንግ ላይ ያሉት ሁለቱም እኩል ስፋት እንዲኖራቸው ያደርጋል። አንዱ ከሌላው በጥቂት ካነሰ ጥንዱ በቀጥታ መንገድ ላይ ሳይቀር ወደ አንድ ጎን ሲያዘነብል ይኖራል።

የቶርኖው ቦታ አዘዞ ነው። ባቡሩ ከደጋው ጫፍ ከመነሣቱ በፊት ፍሬኑ በየፉርጎው መፈተሽ ያለበት በዚያ ነው፤ ከመተማ ሲመለስም የተጎዳው መንኰራኵር የሚለየው በዚያ ነው። ከዚህ ሌላ በቁልቁለቱ አጋማሽ ባቡሩ ቆሞ መንኰራኵሩ የሚቀዘቅዝበት፣ የአየር ፍሬኑ የሚሞላበት፣ የኩሽኔታው ሙቀት የሚለካበት ደልዳላ ስፍራ ያስፈልጋል። እያንዳንዳቸው 14 ሜትር የሆኑ 20 ፉርጎዎች ከሎኮሞቲቫቸው ጋር 300 ሜትር ያህል ይይዛሉ፤ ለመጠባበቂያ ሲጨመርበት 400 ሜትር ማለት ነው። በዚያ አገር ጎን ለጎን ገደል ባለበት ቁልቁለት 400 ሜትር ደልዳላ የሚገኘው ቀያሹ ገና ሲነሣ ካሰበበት ብቻ ነው።